ዳግማይ ትንሣኤን በአዲስ አበባ፦ ክትፎ፣ ሥዕልና አዝማሪ ሳይበላሹ እንዴት ይሳካሉ?

በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አንድ ዓይነት ስልክ ይደወልልኛል። «እንግዳ ይዤ ወጥቼ ነበር፤ አንዱ ዝግ ነው፣ አንዱ ሞልቷል፣ አንዱ ፈርሷል። አሁን የት ልሂድ?» ያን ጊዜ የምመልሰው የለኝም። ጊዜው ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ መኪና ውስጥ ስምንት የተራበ ሰው አለ።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የቦታ ምርጫ አይደለም። ቦታውንማ ሁሉም ያውቀዋል። የሚያበላሸው ሁሉንም ነገር ቅዳሜ ላይ መቆለል ነው። ጠዋት ሙዚየም፣ ቀን ቁርጥ፣ ከሰዓት ጋለሪ፣ ማታ ክትፎ፣ ሌሊት አዝማሪ። ይህን የሚችል ሆድም እግርም የለም። እዚህ የምጽፈው ነገሩን ለሦስት ቀን እንዴት እንደምትከፋፍሉት ነው። ከአምስት እስከ አስር ሰው ለሆናችሁ፣ በተለይ ከውጭ የመጣ ዘመድ ለያዛችሁ ይሆናል። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ግማሹን ዝለሉት።

ደረጃ 1፦ ቀኑን በትክክል ያዙ

በፋሲካ ዕለት አትውጡ። አስተናጋጁም ቤተሰብ አለው፤ አገሩ ገብቷል። አዝማሪውም እናቱ ቤት ዶሮ እየበላ ነው። ክፍት የምታገኙት ትልልቅ ሆቴሎችን ነው፣ እዚያ ደግሞ ቤታችሁ ካለው ወጥ የተሻለ አትበሉም። እኔ ራሴ አንድ ዓመት አክስቴንና ከአሜሪካ የመጡ ልጆቿን ይዤ በዕለቱ ወጣሁ። ሦስት ቦታ ዞርን። በመጨረሻ አክስቴ «ልጄ፣ ድስቱ እኮ ቤት ነው ያለው» አለችኝና ተመለስን።

ትክክለኛው ጊዜ የሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ እሁዱ ዳግማይ ትንሣኤ የሚሆንበት። ሠራተኛው ተመልሷል። በሁዳዴ ቀዝቅዘው የከረሙት የምሽት ቤቶች ተነቃቅተዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ላይ ነን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና አርብ አይጾሙም። ይህ ለእኛ ዕቅድ ትልቅ ነገር ነው፤ አርብ ማታ ክትፎ መብላት ይቻላል ማለት ነው።

ለ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ነው። ለ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24፣ ዳግማዩ ግንቦት 1 ይውላል። የ2019ኙ ከግንቦት ልደታ ጋር ስለሚገጥም እሁድን ሰፈር ውስጥ ንፍሮ እየበላችሁ ብታሳልፉት ይሻላል። ሌላ ዕቅድ አያስፈልጋችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ዳግማይ ትንሣኤ ዋናው የሠርግ እሁድ ነው። ሁዳዴን ሙሉ የጠበቀ ሙሽራ ሁሉ ያን ቀን ይወጣል። እሁድ ከ5 ሰዓት በኋላ መንገዱ የሠርገኛ ነው፣ መናፈሻው የፎቶ አንሺ ነው፣ አዳራሽ ያለው ሆቴል ሁሉ የተያዘ ነው። ስለዚህ ከባዱን ነገር እሁድ ላይ አታስቀምጡ።

ደረጃ 2፦ ማን ምን እንደሚበላ ጠይቁ

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ወረቀት አውጡና ስም ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የሚከተለውን አስፍሩ።

— ጥሬ ይበላል ወይስ አይበላም? «ይበላል መሰለኝ» አይበቃም፣ ጠይቁት። አሥር ዓመት ውጭ የቆየ ሰው ድሮ ይበላ የነበረውን ዛሬ ላይበላ ይችላል።

— የየትኛውን ቤት ሥጋ ይበላል? ከእናንተ መካከል ሙስሊምም ክርስቲያንም ካለ ይህ ገበታ ላይ ከተቀመጣችሁ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። አንዱን ወገን «አንተ ሽሮ ብላ» ብሎ ማስቀመጥ ነውር ነው። ሁለት መፍትሔ አለ። ወይ ዓሣና አትክልቱ ጥሩ የሆነ ቤት ምረጡና ሁሉም አንድ ላይ ይብላ፣ ወይ ምሳውን በአንዱ ወገን ቤት፣ እራቱን በሌላው አድርጉና በየተራ ቅለል ያለ ነገር እዘዙ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

— ሥጋ ጨርሶ የማይበላ አለ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። በሁዳዴ የጾም ምግብ የትም ይገኛል። በበዓለ ሃምሳ ግን ብዙ ቤት በየዓይነቱን ያሳንሳል ወይም ያቆማል። ሽሮውም ቅቤ ሊገባበት ይችላል። ስትደውሉ «የጾም አለ?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ «ያለ ቅቤ ይሠራል?» በሉ።

— እስከ ስንት ሰዓት ያመሻል? ትልልቅ ሰዎችና ልጆች ካሉ የቅዳሜውን ምሽት ለሁለት ትከፍሉታላችሁ። ደረጃ 7 ላይ እመጣበታለሁ።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡን ከመውጣታችሁ በፊት ሰብስቡ

አበሻ ሂሳብ ሲመጣ ይጣላል፤ «እኔ ልክፈል»፣ «በእናቴ አትከፍልም» እየተባለ። ደስ ይላል፣ ግን በመጨረሻ አንድ ሰው ተጎድቶ ይወጣል። አንድ ገንዘብ ያዥ ምረጡ። ሁሉም ሐሙስ በቴሌብር ይላክለት። ከውጭ የመጣውን እንግዳ ማስከፈል ካልፈለጋችሁ ድርሻውን አስቀድማችሁ ተካፈሉት።

ስታሰሉ የሜኑውን ዋጋ አትመኑ። ብዙ ቤት ከዋጋው ላይ 10 በመቶ አገልግሎት፣ ከዚያ ድምር ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት ይጨምራል። ሜኑው ላይ 1000 ብር የሚለው ነገር 1265 ብር ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። ከሩቡ በላይ ጭማሪ ነው። ስልክ ላይ «ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ያጠቃልላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከተሰበሰበው ላይ ጥሬ ብር አስቀሩ። ባለ 50ና ባለ 100 ኖት፣ በዛ ያለ። ለመኪና ጠባቂ፣ ለአስተናጋጅ፣ ከሁሉም በላይ ለአዝማሪ። አዝማሪ ግንባር ላይ ቴሌብር አይለጠፍም።

ደረጃ 4፦ ሐሙስ ዕለት ደውሉ

አርብ አይደለም፣ ቅዳሜ ጠዋትም አይደለም፣ ሐሙስ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደውሉ፤ ቤቱ ሥራ ሳይበዛበት ስልኩን ያነሳሉ። ለምግብ ቤቱ፣ ለሙዚቃ ቤቱ፣ ለሙዚየሙ ወይም ለጋለሪው ለየብቻ።

የምትጠይቁት፦

1. «አሁንም እዛው ቦታ ናችሁ?» አትሳቁ። ከተማው ተቀይሯል። የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈርሷል። ብዙ አዝማሪ ቤት የነበረባት ካዛንቺስ በ2017 በመልሶ ማልማት ብዙ ክፍሏ ተነስቷል። ስመ ጥሩው አዝማሪ ቤት ፈንድቃም ጭምር ከነበረበት የካዛንቺስ ቤት ወጥቷል። ስልክ ላይ ያለ ካርታ ደግሞ የድሮውን ቤት እንደቆመ ያሳያል።

2. «ቅዳሜ ክፍት ናችሁ? ምሳ ሰዓት ትዘጋላችሁ?»

3. «ሙዚቃው ስንት ሰዓት ይጀምራል? በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

4. «ለስምንት ሰው ጠረጴዛ ስጡኝ። እስከ ስንት ሰዓት ትይዙልኛላችሁ? ቀብድ ያስፈልጋል?»

5. «መኪና ማቆሚያ አለ?»

የመለሰላችሁን ሰው ስም ጻፉ። ስትደርሱ «ስም የለም» ከተባላችሁ «ሐሙስ ከእገሌ ጋር ነው የተነጋገርኩት» ማለት ብዙ ነገር ይፈታል። ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ የላካችሁበትን መልእክት አሳዩ።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። ፖስተር ላይ «8:00» ተብሎ ከተጻፈ ቀን 8 ሰዓት ነው ወይስ ማታ 2? የጋለሪና የጃዝ ፖስተሮች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በፈረንጅ ነው፤ የባህል ምግብ ቤት በሐበሻ ይነግራችኋል። እንግዳው ስልክ ደግሞ በፈረንጅ ነው። ለሁሉም በአንድ መልእክት፣ በቃል ጻፉላቸው፦ «ቅዳሜ ማታ፣ በሐበሻ 1 ሰዓት፣ በፈረንጅ 7 ሰዓት»። ቀኑንም እንዲሁ። ሚያዝያ 10ና ኤፕሪል 10 አንድ ቀን አይደሉም፤ በዚህ ተሳስቶ ስምንት ቀን ቀድሞ የመጣ ሰው አውቃለሁ።

ደረጃ 5፦ አርብ ማታ፣ ክትፎ

ክትፎውን አርብ አድርጉት። ብዙ ሰው ከልማድ የተነሳ አርብን ለሥጋ አያስበውም፤ ቅዳሜ ግን ሁሉም ይጎርፋል። ዮሐንስ ክትፎንና ቶቶትን የመሳሰሉ ስማቸው የታወቀ ቤቶች ቅዳሜ ማታ ሰልፍ አላቸው። አርብ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሳችሁ ጠረጴዛ መርጣችሁ ትቀመጣላችሁ።

መጀመሪያ እጅ ታጠቡ፣ ከዚያ እንዲህ እዘዙ።

ለሁሉም አንድ አንድ አትዘዙ። ስምንት ሰው ከሆናችሁ በአምስት ጀምሩ። ክትፎ ቅቤ ነው፣ ቆጮውም ያጠግባል። አንድ ላይ የመጣ ስምንት ክትፎ ግማሹ ሳይበላ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ክትፎ ቅቤው ረግቶ ላንቃ ላይ ይለጠፋል። ሲያንስ ትጨምራላችሁ፣ ትኩሱ ይመጣል።

ጥሬውን፣ ለብ ለቡንና የበሰለውን በተለያየ ጣባ እንዲያመጡ ንገሯቸው፤ የቱ የቱ እንደሆነም አስተናጋጁ ሲያስቀምጥ ይናገር። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ቤት ውስጥ ለብ ለብና ጥሬ አይለዩም።

ሚጥሚጣው ለብቻ ይምጣ። አይብና ጎመን ከጎን። ስፔሻል ከተባለ ምን እንደሚጨምር ጠይቁ፤ በየቤቱ ይለያያል።

ያልወሰነ ሰው ካለ ጥሬ ወይም ለብ ለብ እዘዙለት። ጥሬው ተመልሶ ሊበስል ይችላል። የበሰለው ግን ወደኋላ አይመለስም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለብ ለብ ማለት ጤነኛ ማለት አይደለም። የኮሶ ትል እጭ ያለበት ሥጋ በቅቤ ለብ ስላለ አይድንም፤ በደንብ መብሰል አለበት። ለነፍሰ ጡር፣ ለልጆችና ሕመም ላለበት ሰው የበሰለ ብቻ። ጥሬ በልቶ ከሳምንታት በኋላ ሆዱን ያመመው ካለ የሰገራ ምርመራ ያድርግ፤ ሰፈር ውስጥ የሚሰጥ መድኃኒት በግምት አይዋጥ።

ሲበላሽ፦ ሥጋው ከጠቆረ ወይም ሽታው ካላማራችሁ ሳትነኩት መልሱት። ማፈር የለም። አንዴ ከነካችሁት በኋላ ክርክር ነው። የበሰለ ሳትፈልጉ የበሰለ ከመጣ ደግሞ አትናደዱ፤ ለማይበሉት ሰዎች ሰጥታችሁ ሌላ እዘዙ።

ጠጅ ከተጠጣ በዝግታ። ጣፋጭ ስለሆነ ያታልላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ሁለተኛው ብርሌ ላይ ፊቱ ሲቀላ ታዩታላችሁ። ለማይጠጡና ለልጆች ብርዝ ጠይቁ፣ ያልፈላ መሆኑን አረጋግጣችሁ።

ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ቤት ግቡ። ነገ ጠዋት ሥራ አለባችሁ።

ደረጃ 6፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ታች

ሙዚየምና ሥዕል የጠዋት ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ በዚህ ወር ዝናብ ይመጣል፣ ሰዉም ይደክማል። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፤ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻ አለ።

መንገዱ ቁልቁለት እንዲሆን ከስድስት ኪሎ ጀምሩ። ከታች ጀምረው ወደ ላይ የሚወጡ ሰዎች ናቸው አራተኛው ክፍል ላይ ወንበር የሚፈልጉት።

ሀ. 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ሁሉንም ክፍል ለማየት አትሞክሩ። ሁለት ነገር ላይ ቆዩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹና መስቀሎቹ ያሉበት፣ እንዲሁም የዜማ መሣሪያዎቹ ያሉበት ክፍል። ማሲንቆውን ለእንግዳችሁ አሳዩት። አንድ አውታር ብቻ እንዳለው፣ አውታሩም የፈረስ ጭራ እንደሆነ ያስተውል። ማታ ያው ነገር ሲናገር ይሰማዋል፤ የቀኑ ግማሽ ጣዕም እዚህ ላይ ነው ያለው። የጃንሆይ መኝታ ክፍልም እዚያው ስለሆነ ልጆች የሚወዱት እሱን ነው።

ስትወጡ በግቢው ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ እዩት። ጣሊያኖች የሠሩት የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት በእርከን ለመቁጠር ነበር። አሁን አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ቆሟል። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለ. ከዚያ ወደ ታች፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፤ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ። የዩኒቨርሲቲው ስለሆነ የሥራ ቀኑ እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ሳትደውሉ አትሂዱ። ዝግ ከሆነ ዝለሉት።

ሐ. ብሔራዊ ሙዚየም፣ ከአምስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስትወርዱ። ሁሉም ወደ ድንቅነሽ ይሮጣል። 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ ክብር ይገባታል። ግን እንግዳችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት፦ ለእይታ የሚቀመጠው ቅጂው ነው። ካልተነገረው ወጥቶ ያኮርፋል። ሥዕሎቹ ፎቅ ላይ ናቸው። ብዙ ሰው ምድር ቤቱን አይቶ ይወጣና «ሥዕል የለም» ይላል። ውጡ።

ሥዕል መግዛት የሚፈልግ ካለ ሙዚየም ላይ ሳይሆን ጋለሪ ይሂድ። ቦሌ መንገድ ላይ ያለው ማኩሽ ብዙ ሠዓሊዎችን በአንድ ጣሪያ ያሳያል። ወቅታዊውን ለሚከታተል ደግሞ አዲስ ፋይን አርት አለ። ለዚህ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ከእነዚህም አንዱን ብቻ ምረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቆየ የሚመስል ነገር፣ የብራና መጽሐፍ፣ የድሮ መስቀል፣ በእንጨት ላይ የተሳለ ሥዕል፣ ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖረው አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል። «አዲስ ነው፣ አርጅቶ እንዲታይ ነው የተሠራው» ማለት አያድንም። መሥሪያ ቤቱ እሁድ አይሠራም። እንግዳችሁ እሁድ ሌሊት የሚበር ከሆነ እንዲህ ያለ ዕቃ ቅዳሜ አይግዛ። ሕያው ሠዓሊ የሳለውን ይግዛ፣ ስምና ቀን ያለበት ደረሰኝ ይቀበል።

ምሳ ቀላል ይሁን። ትናንት ክትፎ በልታችኋል። እኔ ከሙዚየም በኋላ ዓሣ ወይም ሽሮ፣ ከዚያ ስፕሪስ ነው የምወደው። ቁርጥ ቤት ካላየን የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ቁርጥ በልቶ እስክስታ የሚመታ ትከሻ አላየሁም።

ከ9 እስከ 11 ሰዓት ተኙ። ይህ ቀልድ አይደለም፣ የዕቅዱ አካል ነው። ዝናቡም በዚህ ሰዓት ይውረድ።

ደረጃ 7፦ ቅዳሜ ማታ፣ ሙዚቃ

ምሽቱን ለሁለት ክፈሉት።

የመጀመሪያው ክፍል የባህል ምግብ ቤት ነው። ዮድ አቢሲኒያ፣ 2000 ሐበሻ፣ እንዲሁም ቶቶት የዚህ ዓይነት ናቸው። የየብሔረሰቡ ጭፈራ በመድረክ ይቀርባል፣ ምግቡ እዚያው ነው። ለትልልቅ ሰዎችና ለልጆች ይህ ይበቃል። «ይሄማ የቱሪስት ነው» የሚል ከተሜ አለ። ይሁንለት። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ ስትጨፍር ያየኋት እዚያ ነው።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ጠረጴዛ ምረጡ ከተባላችሁ መድረኩ ሥር አትቀመጡ፤ ድምፅ ማጉያው አጠገብ አዛውንት አስቀምጦ ማስጮህ ግፍ ነው። ሦስተኛው መስመር ጥሩ ነው፣ ወደ መውጫው የቀረበ ከሆነ ደግሞ የተሻለ። ምግቡን መድረኩ ከመጀመሩ በፊት እዘዙ። ጭፈራው ከደራ በኋላ አስተናጋጅ አይገኝም።

3 ሰዓት ላይ ትልልቆቹንና ልጆቹን በስልክ በሚጠራ ታክሲ፣ በራይድ ወይም በፈረስ፣ ወደ ቤት ላኩ። የመኪናውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ደረሱ እስኪሏችሁ ጠብቁ።

ሁለተኛው ክፍል አዝማሪ ቤት ነው። ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ብትሄዱ ወንበር ሲያስተካክሉ ትደርሳላችሁ። ከ5 ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ቆማችሁ ታመሻላችሁ። መሃሉን ያዙ። ሙዚቀኞቹ ጃዝ የሚጫወቱበት ወይም ባንድ ያለበት ቤት ከመረጣችሁ ደግሞ ማን እንደሚጫወት ሐሙስ ጠይቁ፤ በየቀኑ ይለያያል።

አዝማሪ ቤት ውስጥ እንግዳ የሚደነግጥበትና አበሻውም የሚሳሳትበት ነገር ስላለ ይህን በዝርዝር እናገራለሁ።

1. ስትገቡ ኮታችሁን ሳታወልቁ ልትሞገሱ ወይም ልትሰደቡ ትችላላችሁ። ሁለቱም ሙገሳ ነው። ፊታችሁን አታጥቁሩ። ስለ ቦርጭ፣ ስለ ራሰ በራ፣ ስለ አለባበስ ይገጠማል። ለእንግዳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ግጥሙንም በጆሮው ተርጉሙለት። ሰሙን ብቻ ከተረጎማችሁ ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ ግራ ይገባዋል፤ ወርቁንም ጨምሩ።

2. አዝማሪው ስማችሁንና አገራችሁን ይጠይቃል። የምትነግሩት ሁሉ ይዘፈናል። የጓደኛችሁን ፍቺ፣ የአክስታችሁን ዕድሜ አትንገሩት።

3. ግጥም መስጠት ከፈለጋችሁ ድምፁ ረገብ እስኪል ጠብቁ። «ተቀበል!» በሉ። አንድ ስንኝ ስጡት፣ እስኪዘፍነው ጠብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ብትሉት ይጠፋበታል። ግጥሙ አጭር ይሁን፣ ቤት ይምታ። ከቤት ጽፋችሁ ሂዱ፣ ማንም አያይባችሁም። እኔ ባለፈው የሰጠሁት ይህ ነበር፦

እንግዳ ይዤ መጣሁ ከውቅያኖስ ማዶ፣
እስክስታው ጠፍቶበት ትከሻው በረዶ።

አዝማሪው ከእኔ የባሰ ጨመረበት። እንግዳዬ ግን ተነሥቶ ጨፈረ።

4. ሽልማት ስትሰጡ በአንድ ጊዜ ትልቅ ብር አትስጡ። ባለ 50ና ባለ 100 እየሆነ፣ ጥሩ ስንኝ በመጣ ቁጥር። ግንባሩ ላይ አስጠጉት ወይም መሰንቆው ላይ ሰኩት። የማትፈልጉ ከሆነ ፈገግ ብላችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ ያልፋችኋል።

5. ቪዲዮ ከመቅረጽ በፊት ጠይቁ። ሌላው ጠረጴዛ ላይ መታየት የማይፈልግ ሰው ይኖራል።

ሲበላሽ፦ ቤቱ ሞልቶ ከተመለሳችሁ ሌላ አዝማሪ ቤት ፍለጋ በጨለማ አትዙሩ። አጠገቡ ቡና ጠጡና ከ40 ደቂቃ በኋላ ተመለሱ፤ ከአንድ ዙር ጨዋታ በኋላ ሰው ይወጣል። ሂሳቡ ላይ ያላዘዛችሁት መጠጥ ካያችሁ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ለዚህ ሲባል ባዶ ጠርሙስ ከጠረጴዛ እንዳይነሳ ከመጀመሪያው ንገሩ። አዝማሪው ነገር አብዝቶ እንግዳውን ካስቀየመ አስተናጋጁን በቀስታ ጥሩ፤ ለአዝማሪው አትመልሱ፣ በግጥም አታሸንፉትም።

የጠጣ አይነዳም። መኪናውን ለጥበቃ ከፍላችሁ አሳድሩት። ስልካችሁ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ራይድ መጥሪያው አሁን ነው፤ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ባትሪ የሌለው ስምንት ሰው አስፋልት ላይ ማየት አልፈልግም።

ደረጃ 8፦ እሁድ፣ ቀለል አድርጉት

ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ይሂድ። ሌላው ይተኛ። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሠርገኛው መንገድ ሳይዘጋ፣ አንድ ቦታ ብቻ ሂዱ።

ለእኔ ያ ቦታ መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ነው። በጭቃና በጭድ የተሠራ ግድግዳ፣ ግድግዳው ራሱ የሥዕል ያህል የተሠራ፣ ዙሪያው አትክልት። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቆሙት ነው፣ በ2011 ተከፈተ። ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ አለው፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ለሚፈልግም ጥግ አይጠፋም። ጭቃ የማይፈራ ጫማ አድርጉ።

እንጦጦ ካላችሁ ሹራብ ያዙ። ከከተማው ከፍ ስለሚል ትንፋሽ ያጥራል፤ የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበትን ዘመድ ዳገት አታስወጡት።

በሠርገኛ መሃል ከተያዛችሁ ለመቅደም አትሞክሩ። ክላክስ አብራችሁ አድርጉ፣ እልል በሉ። የሚቀድም መኪና ከቪዲዮ ካሜራው መኪና ጋር ይጋጫል፣ ያ ደግሞ የሙሽሮቹን ቀንም የእናንተንም ያበላሻል።

ከ8 ሰዓት በኋላ ቤት ቡና አፍሉ። ገንዘብ ያዡ የቀረውን ይናገር፣ የተረፈውን ይመልስ።

ሥዕል የገዛ ካለ የሚጠቀለለው አሁን ነው። ሸራውን ከፍሬሙ የሚያወጣ ሰው ጋለሪው ላይ ካልጠየቃችሁ እቤት በቢላ አትሞክሩ። ሲጠቀለል ቀለም ያለበት ፊት ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ እየተጨማደደ ይሰነጠቃል። መሃሉ ላይ ንጹሕ ወረቀት አድርጉ፣ ወፈር ያለ ካርቶን ቱቦ ውስጥ አስገቡ፣ ደረሰኙን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እንግዳው ኪስ ውስጥ ክተቱት።